ቅኔ ማለት ምን ማለት ነው? (4 ነጥብ)

የዛሬው ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡና ይዛችሁ ቁጭ በሉ። የቀድሞ ተማሪዎቼ ደግሞ "ቲቸር ዛሬም ኖት ሊያስጽፈን ነው" እንዳትሉኝ፤ ዛሬ የምታርሙት እናንተ ናችሁ፣ የምትታረመው የእኔ ወረቀት ናት።

ነገሩ የተነሣው በዝናብ ነው። ባለፈው ሰሞን እዚሁ ገጼ ላይ "ዘንድሮ ደመናው ብቻ ሆነ፣ ዝናቡ ዘገየ" ብዬ ለጥፌ ነበር። በእናቴ ስም፣ ስለ ዝናብ ነበር የጻፍኩት! ከደምበጫ ወጣ ብሎ ያለው የአባቴ ማሳ በቆሎ ተዘርቶበት ሰማይ ሰማይ ያያል፣ እኔም ሆዴ ባብቶ ጻፍኩ፣ በቃ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንዱ "መምህር፣ ገብቶናል" ብሎ ጥቅሻ ላከልኝ። ሌላው "ወርቁን አገኘሁት" ብሎ ደመናው እነማን እንደሆኑ፣ ዝናቡ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደዘገየ ሳይቀር ተንትኖ ጻፈ። ሦስተኛው ተንታኙን ሰደበው። የልብ ወዳጄ የምለው ሰው ደግሞ በውስጥ መስመር "ወንድሜ፣ ልጅ እያሳደግህ ነው፣ ቅኔውን ቀነስ አድርገው" አለኝ። ማታ ላይ አጠፋሁት። አጥፍቼው ሳልጨርስ አባቴ ደወለና "ከተማው ላይ ጣለ ወይ?" አለኝ። "አልጣለም አባባ" አልኩት። ያን ቀን ስለ ዝናብ ስለ ዝናብነቱ ያወራኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የነከሰኝ "ቅኔውን ቀነስ አድርገው" የምትለዋ ናት። ምክንያቱም እኔ ቅኔ አልችልም። ጎጃሜ ነኝ፣ የአማርኛ መምህር ነኝ፣ ቅኔ ግን አልችልም። የሌላ አገር ሰው "የጎጃም ሰው እኮ ሲያስነጥስም ቅኔ ነው" ሲለኝ ፈገግ ብዬ አልፋለሁ እንጂ አላርመውም፤ ምስጋና ማን ይጠላል? ግን እውነቱ ይህ ነው። ዲፕሎማዬን ስማር ቅኔን ያገኘሁት የሥነ ጽሑፍ ሞጁል ውስጥ ነው፣ አንድ ገጽ ተኩል። እሷን አንድ ገጽ ተኩል ይዤ ነው ስንት ዓመት ጠመኔ ያባከንኩት።

አሁን ወደ ዕዳዬ ልምጣ።

በ2010 ዓ.ም. 9ኛ ክፍል ሳስተምር አንድ ከክፍሉ ልጆች በዕድሜ የገፋ ተማሪ ነበረኝ። ስሙን አልጠራም፤ የዚያን ጊዜ ልጆች ግን ታውቁታላችሁ። ከቅኔ ቤት ወደ አስኳላ የመጣ ልጅ ነው። ከኋላ ወንበር ነበር የሚቀመጠው፣ ቁመቱም ያስገድደዋል። መጀመሪያ ቀን ስም ስጠራ ሌላው ሁሉ "አቤት ቲቸር" ሲል እሱ ብድግ ብሎ "አቤት የኔታ" አለ። ክፍሉ በሳቅ አበደ። እኔም ሳቅሁ። አለመሳቅ እችል ነበር፣ ግን ሳቅሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔን ለመጥራት ሲፈልግ ምንም ሳይል እጁን ብቻ ያወጣ ነበር።

ለመንፈቅ ዓመቱ ፈተና የማብራሪያ ጥያቄ አወጣሁ። "ቅኔ ማለት ምን ማለት ነው? አስረዱ።" 4 ነጥብ። የምጠብቀው መልስ የታወቀ ነው፤ "ቅኔ ሰምና ወርቅ ያለው፣ ድርብ ፍቺ የሚሰጥ የግጥም ዓይነት ነው"። ሰሙ ላይ ላዩን የሚታየው፣ ወርቁ የተደበቀው፣ ኅብረ ቃሉ ሁለቱን የሚያገናኘው። ምሳሌ ከሰጠ ሙሉ 4። ስልሳ ምናምን ወረቀት ሁሉም ይህንኑ ነው የጻፈው፤ ምክንያቱም እኔ ነኝ ያስጻፍኳቸው። የእሱ ግን ሌላ ነበር። "ቅኔ ማለት መገዛት ማለት ነው። ሰምና ወርቅ ከቅኔ መንገዶች አንዱ ነው፤ ሰምና ወርቅ የሌለው ቅኔም አለ።" ከዚህ በላይ አልጻፈም።

ዜሮ ሰጠሁት። በቀይ እስክሪብቶ "ከጥያቄው ውጪ" ብዬም ጻፍኩበት።

ወረቀቱን ስመልስ እየተቅለሰለሰ መጣ። አይቶ ዝም አለ። "መጽሐፉ ላይ ያለውን አላነበብክም፣ ስለዚህ 4 ነጥብ አጥተሃል" አልኩት። "ይገባኛል" አለኝና ሄደ። እኔም "ጎበዝ፣ ጥፋቱን የሚያምን ልጅ" ብዬ ወደ ቀጣዩ ወረቀት አለፍኩ።

ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ የአክስቴ ተዝካር ላይ ፍኖተ ሰላም አካባቢ አንድ ዳስ ውስጥ ተቀምጫለሁ። አጠገቤ አንድ ሸምገል ያሉ መሪጌታ ነበሩ። ጠላው ሞቅ ሲያደርገኝ ዕውቀቴን ላሳያቸው ብዬ "አባቴ፣ ቅኔ እንግዲህ ያው ሰምና ወርቅ ነው፣ አይደል?" አልኳቸው። ሰውየው ጉንጫቸውን ሞልተው የነበረውን እንጀራ ዋጥ አደረጉና "ልጄ፣ አንጥረኛ ቤት ነው እንዴ የተማርከው?" አሉኝ። ዳሱ ሳቀ። ያን ጊዜ ነው ከኋላ ወንበር ያለው ልጅ ፊቴ ላይ ድቅን ያለው።

ቀጥለው የነገሩኝን በኋላ እኔም ከመጻሕፍት አመሳክሬዋለሁ፤ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት (በ1948 ዓ.ም. የታተመውን) ከአንድ ካህን ለምኜ እስከማገላበጥ ደርሻለሁ። ግሱ በግእዝ "ቀነየ" ነው። ገዛ፣ አስገዛ፣ አገልጋይ አደረገ ማለት ነው። "ተቀንየ" ሲሆን ተገዛ፣ አገለገለ። በግእዙ መዝሙረ ዳዊት ለእግዚአብሔር መገዛት የሚነገረው በዚሁ ግስ ነው። ስለዚህ ቅኔ ከግጥምነቱ በፊት አገልግሎት ነው፤ ሰው አእምሮውን አስገዝቶ፣ ለዕለቱ የሚሆን አዲስ ነገር አፍልቆ የሚያቀርበው መባ። ክብ ሆነው የተሠሩትን ቤተ ክርስቲያኖቻችንን የምታውቁ፣ ከውጭ ስትገቡ የመጀመሪያው ክፍል ቅኔ ማሕሌት ነው፤ ከዚያ ቅድስት፣ ከዚያ መቅደስ። ቅኔው ያለው በር ላይ ነው፣ አገልጋይ የሚቆምበት።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ቃሉ በየመንገዱ ያጋጥመኝ ጀመር። "ቅኝ ግዛት" እንላለን፤ ታሪክ መምህሩ ጓደኛዬ በየቀኑ ይጠራታል፣ "ቅኝ" ምን ማለት እንደሆነ ግን ጠይቆ አያውቅም። የዚሁ ግስ ልጅ ናት። አፍሪካን ያስጨነቀው ቃልና ሊቃውንቱ የሚዘርፉት ቅኔ ከአንድ ማኅፀን ነው የወጡት! አንዱ በግድ መገዛት፣ አንዱ በፈቃድ። የክራሩንም እዩት። ክራር ይቃኛል፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ አራቱ ቅኝቶች ናቸው። ያልተቃኘ ክራር እያንዳንዱ ጅማት በራሱ ፈቃድ ይጮኻል፤ የተቃኘው አንዱ ለአንዱ ይገዛል። ይቺ የመጨረሻዋ የእኔ አተረጓጎም ናት፣ መሪጌታው ላይ አታላክኩብኝ።

ቅኔ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ቃሉ ብቻውን አይሄድም፣ ግስ እየመረጠ ነው የሚሄደው። ተማሪው ቅኔ ይቆጥራል። ጫካ ገብቶ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ በቃል እየለካ። ሲመሽ ለመምህሩ ቅኔውን ይነግራል፣ መምህሩ ያርማሉ። ሲበስል ቅኔ ይዘርፋል። አዎ፣ ይዘርፋል። በሌላው ዓለም ዘረፋ ያስቀጣል፣ እዚያ ያስመሰግናል። ለማን ብትነግሩት ነው የሚያምነው? ከዚያ በፊት ግን ግስ አለ፣ እርባ ቅምር አለ፣ አገባብ አለ። የግእዝን ሰዋስው አንድ በአንድ ሳይጨርሱ ቅኔ የለም። ዓይነቱም ብዙ ነው፤ ሁለት ቤት ያላት ጉባኤ ቃና አለች፣ ሦስት ቤት ያለው ዘአምላኪየ አለ፣ እያለ እያለ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ይደርሳል። (ልብ በሉ፣ "ቤት" ራሱ ስንት ነው? ቅኔ ቤት ስንል ትምህርት ቤት፣ ሁለት ቤት ስንል ስንኝ፣ ግጥሙ ቤት መታ ስንል የመድረሻ ድምፅ። ስለ እሱ ሌላ ቀን።) በማሕሌት ላይ የተባለ ቅኔ ደግሞ ለሌላ ቀን አይደገምም። የዛሬው ለዛሬ ነው። በየበዓሉ አዲስ። እኔ በ2004 ዓ.ም. ያዘጋጀሁትን ኖት አሁንም እያስጻፍኩ እንደሆነ ሳስበው ያፍረኛል።

ይህን ሁሉ የሚማረው ልጅ ማነው? ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንጠልጥሎ፣ በየደጁ በውሻ እየተባረረ ቁራሽ ለምኖ የሚበላ ልጅ ነው። ያ የኋላ ወንበሩ ልጅ ይህንን አልፎ ነው እኔ ፊት የተቀመጠው። ቀዩን እስክሪብቶ የያዝኩት ግን እኔ ነበርኩ።

ሰምና ወርቅስ? እሱም ቢሆን ታላቅ ነገር ነው፤ አላጣጥለውም። ስሙ በእርግጥ ከአንጥረኛ ነው የመጣው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ቅርፅ በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይሸፍነዋል፣ እሳት ሲነካው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ በቦታው ወርቁ ይፈስሳል። ሰሙ ውሸት አይደለም ማለት ነው፤ ያለሰሙ ወርቁ ቅርፅ የለውም። እኛ ግን ክፍል ውስጥ "ሰሙን ጥላችሁ ወርቁን አውጡ" ብለን ነው የምናስተምረው፣ የሙዝ ልጣጭ ይመስል። ቅኔ ቤት ከሰምና ወርቅ ሌላ ኅብር አለ፣ ውስጠ ወይራ አለ፣ አንጻር አለ፣ ምርምር አለ። የኔ አንድ ገጽ ተኩል እነዚህን አታውቃቸውም።

እንዴት አንዱ መንገድ የቤቱን ስም ወሰደው? የእኔ ግምት ይህ ነው። ቅኔ በግእዝ ነው፤ ግእዝ ከአብዛኛው ሰው ጆሮ ወጣ። ወደ አማርኛ ሲሻገር ሊሻገር የቻለው የቃላት ጨዋታው ነው፤ ዜማው፣ አገባቡ፣ መገዛቱ እዚያው ቀረ። ከዚያ የውጭ ምሁራን መጡ። ዶናልድ ሌቪን የሚባል አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር በ1965 እ.ኤ.አ. "ሰምና ወርቅ" የሚል መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አሳተመ፤ መንዝ ውስጥ ኖሮ አጥንቶ። ሰምና ወርቅን ከግጥም መንገድነት አውጥቶ የአማራ ሰው አነጋገርና አኗኗር መግለጫ አደረገው። አባባሉ ዓለምን ዞረ። ሰውየው አገራችንን ይወድ ነበር፣ ሥራውም ትልቅ ሥራ ነው። ችግሩ እኛ ነን፤ ሌሎች ስለ እኛ የጻፉትን መልሰን ስለ ራሳችን ማመን እንወዳለን። "ሐበሻ ቀጥታ አይናገርም፣ ቅኔ ነው" ብለን በኩራት እናወራለን። እስቲ ከገበሬ ጋር ከብት ተደራድራችሁ እወቁ፣ ቀጥታ ይናገር እንደሆነና እንዳልሆነ!

የአማርኛ ቅኔ የለም የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ከእነሱ ጋር አልስማማም። ለቅሶ ቤት ሄዳችሁ አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ ስሙ፤ የሟቹን ስም ገልብጣ፣ የልጆቹን ጠብ ነክታ፣ ቀሪዎቹን ሳታስቀይም ገሥጻ ትወጣለች። ፊደል አልቆጠረችም፣ ግን አገልግሎት ላይ ናት። ይህን ቅኔ አይደለም ማለት ይከብደኛል። ሴቶች ከጉባኤውም ቢሆን አልጠፉም፤ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ሆነው እዚሁ ጎጃም ውስጥ ወንበር ዘርግተው ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሊቅ ናቸው። ይህን ስነግራቸው አፋቸውን የሚይዙ ሴት ተማሪዎች አሉኝ፤ "ሴትም ይቻላል እንዴ ቲቸር?"

እኛ ደግሞ የምንኖረው የት ነው? ሦስቱ ስመ ጥር የቅኔ ቤቶች ዋድላ፣ ዋሸራና ጎንጅ ናቸው፤ ሁለቱ የጎጃም ናቸው። ከደምበጫ ተነሥታችሁ ፍኖተ ሰላምን አልፋችሁ ወደ ቡሬ ስትሄዱ ማንኩሳ አለች፤ የ"ፍቅር እስከ መቃብር" በዛብህ አገር። ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ የተማሩ የቅኔ ሰው ናቸው፤ መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ ዋና ገጸ ባሕሪው ከቤተ ክህነት ትምህርት የወጣ ልጅ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም። ተማሪዎቼን መኪና ውስጥ ሆነን "ይቺ ማንኩሳ ናት" ስላቸው "እውነተኛ ቦታ ናት እንዴ?" ይሉኛል። በየሳምንቱ ለገበያ የሚያልፉባት ከተማ! ዮፍታሔ ንጉሤም የደብረ ኤልያስ ልጅ ነው፤ ከቅኔ ቤት ተነሥቶ ነው ወደ ቴአትሩ የሄደው። እዚህ ምንጩ ላይ ቁጭ ብለን የፕላስቲክ ውሃ የምንገዛ ሰዎች ነን።

እሺ፣ ወደ ዝናቡ ልመለስ፤ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው እንዳትሉኝ።

ዛሬ ቅኔ የሚለው ቃል ሦስት ሥራ ይዟል ብዬ አምናለሁ፣ ሦስቱም የእሱ ሥራ አይደሉም። አንደኛው ያልገባንን መሸፈኛ ነው። አንድ ሰው ዝብርቅርቅ ያለ ንግግር ያደርግና "ቅኔ ነው" ይባልለታል። ጥድፍ ጥድፍ ብሎ የተጻፈ ግጥም ትርጉሙ ሲጠፋ "ቅኔ ነው፣ አንተ አልገባህም"። አባቶች "ቅኔ ቢጎድልበት ቀረርቶ ሞላበት" ይሉ ነበር፤ ዛሬ ቀረርቶውንም ቅኔ ብለነዋል። ሁለተኛው መሸሸጊያ ነው። ደፍሮ የተናገረ ሰው ሲጠየቅ "ቅኔ ነው፣ እንዲያ ማለቴ አይደለም" ብሎ ይወጣል። በዚህ አልፈርድም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ኢንተርኔቱ ተቋርጦ በስልክ ብቻ ስንጠያየቅ በከረምንበት ጊዜ "እናንተ ጋ አየሩ እንዴት ነው?" ያላለ ማን አለ? እኔም ብያለሁ። አየሩ አየር እንዳልሆነ ጠያቂውም ተጠያቂውም ያውቃል። ግን ያ ቅኔ አልነበረም፣ ፍርሃት ነው። ስሙን ብንጠራው ደስ ይለኛል። ፍርሃትን ቅኔ ብለን ስናሞካሸው ፍርሃቱ ያምርብናል፣ መልመድም እንጀምራለን።

ሦስተኛው የከፋው ነው፤ መጠርጠሪያ። ሁሉም ሰው ወርቅ ቆፋሪ ሆኗል። "እንደምን አደራችሁ" ብትል "ምን ለማለት ፈልጎ ነው?" ስለ ዝናብ ብትጽፍ ዝናቡ ማነው? አንድ አገር ውስጥ ሰው ስለ በቆሎው መጨነቁን ጎረቤቱ ማመን ካልቻለ ከቅኔው የበለጠ የጠፋ ነገር አለ። ቅኔ ቤት እኮ መምህሩ የተማሪውን ቅኔ የሚሰሙት ሊያቃኑት ነው፣ ሊይዙት አይደለም።

ይህን ለባልደረቦቼ አንሥቼ ነበር፣ ሻይ ቤት። አንዱ "አንተ ሰው፣ የአገር አቀፉ ፈተና ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ነው፤ መገዛት የሚል ምርጫ የለውም፤ ልጆቹን አታደናግር" አለኝ። ልክ ነው። ፈተናው የሚፈልገውን አስተምራለሁ፣ እኔም ደመወዝ እበላለሁ። ግን 9ኛ ክፍል ገብቼ ትርጉሙን ሰሌዳ ላይ ከመጻፌ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ልስጥ። "ቤታችሁ ውስጥ ቅኔ የሚለውን ቃል ማን ይጠራዋል? መቼ?" ልበል። የካህኑ ልጅ አለ፣ የአልቃሿ ልጅ አለች፣ ክራር የሚጫወት አለ፣ አባቱ "ቅኔ አታብዛብኝ፣ ብሩን ወዲህ በል" የሚል ነጋዴ ያለው አለ። ሁሉም ይምጣ። ከዚያ መጽሐፉ የሚለውን እንጽፋለን፣ "ይህ አንዱ ነው" ብለን። ዘንድሮ ሞከርኩት። አንድ ክፍለ ጊዜ ብዬ ሦስት ፈጀብኝ፤ ፕሮግራሙ ተዛባ፣ ርዕሰ መምህሩም ጠየቁኝ። አንዲት ልጅ "ቲቸር፣ ስለዚህ ቅኝ ገዥ ማለት ቅኔ ነጣቂ ነው?" አለችኝ። ሰዋስው ላይ ትክክል አይደለችም። ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት።

አሁን ስለ "ይገባኛል"።

ያን ቀን ልጁ "ይገባኛል" ሲለኝ "ጥፋቴ ነው፣ ዜሮው ይገባኛል" ያለ ነው የመሰለኝ። ከተዝካሩ ስመለስ በሚኒባስ ውስጥ ነው ሌላው የመጣልኝ። "ያልከው ይገባኛል፣ አልደነቁርም" ሊሆን ይችላል። "ነጥቡ ይገባኛል፣ ያንተ ዕዳ ነው" ሊሆንም ይችላል። ሜዳ ላይ ያለች የሁላችንም ቃል ናት፣ የድንበር ተካሳሽ ሁሉ ፍርድ ቤት የሚናገራት። ምናልባት እሱ ምንም አላሰበም፤ ደንግጦ፣ አቀርቅሮ፣ አፉ ላይ የመጣለትን ተናገረ። ያኔ የዋህ ሆኜ ሰማሁት፣ አሁን ደግሞ እኔም እንደ ዝናቡ ተንታኞች ወርቅ ቆፋሪ እየሆንኩበት ይሆናል። ልዩነቱ እኔ የምቆፍረው የራሴን ጥፋት ፍለጋ መሆኑ ነው።

10ኛ ክፍልን ሳይጨርስ ነው ትምህርቱን የተወው። አንዳንዶቻችሁ ወደ ጉባኤው ተመልሷል ትላላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ አዲስ አበባ ታየ ትላላችሁ። በእኔ 4 ነጥብ ነው የተወው አልልም፤ ኑሮ ነው፣ ቤተሰብ ነው፣ ብዙ ነገር ነው። የዚያን ዓመት የውጤት ደብተር ግን አሁንም ቤቴ አለ። ትናንት አወጣሁትና በሰማያዊ እስክሪብቶ ዜሮውን ሰርዤ 4 ጻፍኩበት። ለማንም አይጠቅምም፤ ሮስተሩ ከተዘጋ ስንት ዓመቱ።

የክፍሉ ልጆች፣ ከመካከላችሁ ከእሱ ጋር የሚገናኝ ካለ ይህን ጽሑፍ አሳዩት። ስልክ ከሌለው አንብቡለት። "የኔታ" ብሎ ሲጠራኝ የሳቅሁት እኔ እንደሆንኩም ንገሩት፣ ሌሎቹ ልጆች ነበሩ። ደምበጫ ከመጣ ቤቴ ያው የድሮው ነው፣ ስልኬም አልተቀየረም። ቅኔ የሚለውን ትምህርት የምጀምረው ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት ነው፤ አንድ ክፍለ ጊዜ ጠመኔውን ልስጠው እፈልጋለሁ። እኔ ከኋላ ወንበር እቀመጣለሁ።

ዝናቡ ደግሞ ትናንት ማታ ጣለ። አባቴ ደውሎ ነገረኝ። ዝናብ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።